ስለ ድንበሩ እንጮኻለን፤ መዝገቡን ግን ማን አየው?

ወገን፣ ይቺ ጽሑፍ ረዘም ትላለች። ጉዳዩ የመሬት ጉዳይ ነውና ታግሳችሁ አንብቡልኝ። ከተስማማችሁ ሼር አድርጉ፣ ካልተስማማችሁ ኮሜንት ላይ ሞግቱኝ። ስድብ ግን ይቅርብን።

በዚህ ገጽ ስለ ርስት ስንት ጊዜ ተጽፏል? ካርታ ሲለጠፍ ላይኩ በሺህ ይቆጠራል። ድንበሩ ድሮ የት ድረስ እንደነበር ይጻፋል፣ ደማችን ይፈላል። እኔም ካርታውን ፕሮፋይል ካደረጉት አንዱ ነኝ፣ አላፍርበትም። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ብሎ ያሳደገን ሕዝብ ልጆች ነን።

ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ያንን ትልቁን ካርታ በቃላችን የምናውቅ ልጆች፣ የአባታችን ማሳ መዝገብ ላይ ስንት ካሬ ሜትር ተብሎ እንደሰፈረ እናውቃለን? የእናታችን ስምስ አብሮ አለ? ቀበሌያችን ውስጥ ያለው የወል ግጦሽ ስንት ሄክታር ነበር፣ ዛሬ ስንት ቀረ፣ የጎደለውስ ለማን ተሰጠ?

አብዛኞቻችን አናውቅም። እኔም እቤታችን ድረስ እስኪመጣ አላውቅም ነበር።

የአባቴ 3 ጥማድ

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ከአንዲት ከተማ ዳር የሚኖር ገበሬ ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም የናንተም ከተማ ልትሆን ትችላለች። እዚያ ቦታ ላይ በይዞታ ደብተሩ 3 ጥማድ መሬት ነበረው። 4 ጥማድ 1 ሄክታር ነው፣ ስለዚህ 7,500 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው።

እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እያለሁ ከተማዋ ሰፋች። ቦታው ለልማት ይፈለጋል ተባለ። በጊዜው የሚሠራው ሕግ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነበር። ገበሬው ለዘለቄታው ከመሬቱ ሲነሳ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ይከፈለዋል ይላል። ኮሚቴ መጣ፣ ለካ፣ ጻፈ፣ ሄደ።

ክፍያው ሲመጣ የመጣው ለ2 ጥማድ ነው። 120,000 ብር። በካሬ ሜትር 24 ብር ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ ከሁለት ማኪያቶ ዋጋ ብዙም አይበልጥም።

ሦስተኛዋ ጥማድስ? አባቴ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ጽሕፈት ቤት ሄደ።

«አባባ፣ መዝገቡ ላይ ያለው 2 ነው» አሉት።

«ደብተሬ 3 ይላል ልጄ። እስቲ መዝገቡን አሳየኝ።»

«መዝገብ ለባለጉዳይ አይታይም። ነገ ይምጡ።»

ነገ ሲሄድ ባለሙያው ስብሰባ ነው። ከነገ ወዲያ መስክ ወጥቷል። በሳምንቱ ቁልፉን የያዘው ሰው ፈቃድ ላይ ነው። አባቴ ማንበብ የሚችለው ቀስ እያለ ነው፣ መመላለስ ግን አልሰለቸውም። ከወራት በኋላ ግን ወሬው ደረሰን፤ ለዚያች 1 ጥማድ ካሳ በሌላ ሰው ስም ተከፍሎባታል። ስሙንም ሰማን። በዚያ ስም የሚጠራ ገበሬ ግን ቀበሌው ውስጥ የለም።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ይህን ያደረገው ባዕድ አይደለም። ከሌላ ክልል የመጣም አይደለም። እንደኛው አማርኛ የሚናገር፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ ሰርጋችን ላይ ጠላ የጠጣ ሰው ነው። አባቴ ደብተር ነበረው። ሕግም ነበረ። ያጣው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ መዝገቡን በዓይኑ ማየት።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይላሉ አባቶቻችን። አባቴ የተናቀው መዝገቡን ማየት እንደማይችል ስላወቁ ነው።

እኔ በንዴት መሬት አስተዳደር ተማርኩ። ተመርቄም ይኸው ዓመታት ተቆጠሩ። ዛሬ የመሬት አስተዳደር ዲግሪ አለኝ፣ መሬት የለኝም፣ የማስተዳድረውም የለኝም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እንዲህ ነው። ግን ይህን የምጽፈው ሥራ ስጡኝ ለማለት አይደለም። የተማርኩትንና ያየሁትን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

የመሬቱ ባለቤት ማነው?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። እዚያው አንቀጽ ላይ ገበሬው መሬት በነጻ የማግኘት፣ ካለ አግባብ ያለመነቀል መብት አለው ይላል። ወረቀቱ ላይ ሁሉም አለ።

በተግባር ግን «መንግሥት» ማለት ማነው? ባለ ካኪ ፎልደሩ ባለሙያ ነው። «ሕዝብ» ማለትስ? ኮሪደር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀው አባቴ ነው። በመሃላቸው አንድ የተቆለፈ ካቢኔት አለ። የመሬቱ እውነተኛ ባለቤት የካቢኔቱን ቁልፍ የያዘው ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ያለፉት ትውልዶች ስለ መሬት ሲታገሉ ጥያቄው «የማን ይሁን» የሚል ነበር። በ1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ወጡ። ከ10 ዓመት በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት ያደረገውን አዋጅ አወጀ። ያ ትውልድ ዋጋ ከፍሎበታል፣ አናሳንሰውም። ግን መሬቱ ከባላባቱ እጅ ወጥቶ የገባው የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ደብተር ውስጥ ነው። ማን መሬት እንደሚያገኝ፣ ማን እንደሚነጠቅ የሚወስነው ያ ደብተር ሆነ።

በ1989 ደግሞ በክልላችን ድልድል መጣ። ቤተሰቦቻችሁን ጠይቁ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሥራ ላይ የነበረ ገበሬ «ቢሮክራሲ» ተብሎ ተፈረጀ፣ ከ4 ጥማድ በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። አንድ ቃል ከስሙ ጎን ስለተጻፈ ብቻ የሰው ማሳ ተቆረጠ። ያ ዝርዝር ሲጻፍ ገበሬው አላየውም፣ የሰማው ሲነበብበት ነው።

ከዚያ ወዲህ በክልሉ አጠቃላይ ድልድል አልተካሄደም። ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገብቷችኋል? እኔና እናንተ፣ ከ1989 በኋላ የተወለድን የገበሬ ልጆች፣ ከቤተሰብ ካልወረስን ወይም ስጦታ ካልተደረገልን በስተቀር በስማችን መሬት የለም። የቀረን የወላጆቻችን ቁራሽና የወል መሬት ነው። ሁለቱም ያሉት መዝገቡ ውስጥ ነው። ስለዚህ የመዝገቡ ጉዳይ የሽማግሌዎች ጉዳይ አይደለም፣ የኛ የወጣቶቹ ጉዳይ ነው።

መዝገቡ እንዴት ይሠራል?

ትንሽ ቴክኒካል ልሁን፣ ግን ማወቅ አለባችሁ።

በክልላችን የመጀመሪያው ደረጃ የይዞታ ምዝገባ የተጀመረው በ1995 አካባቢ ነው። መሬቱ የተለካው በገመድ ወይም በግምት ነው። ደብተሩ ላይ ካርታ የለም። «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በሰሜን መንገድ» ይላል፣ በቃ። ወንዙ አቅጣጫ ሲቀይር፣ እገሌ ሲሞት፣ ወሰኑ የት እንደሆነ የሚነግራችሁ ሰው አይኖርም። ያም ሆኖ ብዙ ጥቅም አምጥቷል። በተለይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ አብሮ እንዲሆን መደረጉ ስንቷን እናት ከመባረር አድኗል።

ቀጥሎ ሁለተኛው ደረጃ መጣ። በእርዳታ ሰጪዎች ድጋፍ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ከ10 ሚሊዮን በላይ ማሳዎች ተመዝግበዋል። አሠራሩ ደስ ይላል። ከአየር ላይ የተነሳ ፎቶ ታትሞ ይመጣል። ገበሬው ከነጎረቤቶቹ ወሰኑ ላይ ቆሞ «እስከዚህ የኔ ነው» ይላል፣ ጎረቤቱ «አዎ» ይላል፣ ልጁ ፎቶው ላይ ያሰምራል። እያንዳንዱ ማሳ የራሱ ቁጥርና ካርታ ይኖረዋል።

እኔ ተማሪ ሆኜ ለተግባር ልምምድ ወጥቼ ይህን አይቻለሁ። ከሁሉ የማልረሳው ግን «ለሕዝብ እይታ» የሚባለውን ቀን ነው። ሰነዱ ከመጽደቁ በፊት ካርታውና የስም ዝርዝሩ ቀበሌው ላይ ይለጠፋል፣ ስህተት አለ የሚል ሁሉ መጥቶ ያሳርማል። ገበሬው ጎርፎ መጣ። ማንበብ የማይችለው ልጁን ይዞ መጣ። አንዲት እናት ጣታቸውን ካርታው ላይ አድርገው «ይቺ የሾላዋ ዛፍ ናት፣ ከሾላዋ ወዲህ የኔ ነው» አሉ። የሟቹ ባላቸው ወንድም በራሱ ስም አስመዝግቦት ነበር። እዚያው፣ ጎረቤት ሁሉ ባለበት፣ «የሳቸው ነው» ተባለ፣ ታረመ። ፍርድ ቤት የለ፣ ጠበቃ የለ፣ ጉቦ የለ። አንድ ግድግዳና የተለጠፈ ወረቀት ብቻ!

ያን ቀን አባቴን አሰብኩት። እሱ አንድ ዓመት ሙሉ የተመላለሰበትን ነገር እኚያ እናት በ10 ደቂቃ ጨረሱት። ልዩነቱ መዝገቡ ተቆልፎ አለመዋሉ ነው።

ችግሩ ያ ወረቀት የተለጠፈው ለጥቂት ሳምንታት መሆኑ ነው። ከዚያ ተነቅሎ ቢሮ ገባ። ቢሮ ከገባ በኋላ ደግሞ ሰው ይሞታል፣ ይወርሳል፣ ይፋታል፣ ለልጁ ያካፍላል። ይህ ሁሉ ካልተመዘገበ መዝገቡ ያረጃል። ያረጀ መዝገብ ለሌባ ይመቻል፣ ምክንያቱም የሞተ ሰው አይጮህም።

መሬት የሚጠፋው የት ነው?

በብዛት የሚጠፋው ከተማ ዳር ነው። ከተማ ሲሰፋ ማሳው ከገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ወጥቶ ወደ ከተማው ይዛወራል። ሁለት ቢሮ፣ ሁለት መዝገብ፣ ሁለት ሕግ። በገጠር የክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009፣ በከተማ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004። በሁለቱ መካከል አንድ የርክክብ ወረቀት አለ። የአባቴ 1 ጥማድ የጠፋችው እዚያች ወረቀት ላይ ነው።

ገበሬው «ነገ መወሰዱ አይቀርም» ብሎ ሲፈራ ደግሞ ለደላላ በርካሽ ይሸጣል። የጨረቃ ቤት ይሠራበታል። ከዚያ ዶዘር ይመጣል። ገዢው ቤቱ ይፈርሳል፣ ገበሬው ካሳ የለውም፣ ደላላው ግን ቪላ ሠርቷል። ከላይ ደግሞ ቦታው በምደባ ለማን እንደተሰጠ የወሰነው ቃለ ጉባኤ ካቢኔት ውስጥ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት መመሪያ የሆነበት ዘርፍ ቢኖር ይኸው ነው።

ይህ የኛ ክልል ብቻ በሽታ አይደለም። ጥር 2013 የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ራሱ ባስጠናው ጥናት ከ13 ሚሊዮን ካሬ ሜትር በላይ መሬት በሕገ ወጥ መንገድ ተይዞ መገኘቱን ይፋ አደረገ። በጥማድ ስታሰሉት ከ5,200 ጥማድ በላይ ነው። እስቲ አስቡት፣ ዋና ከተማ ላይ፣ ሁሉም ቢሮ ባለበት፣ 5,200 ጥማድ ማንም ሳያየው ሊያዝ ይችላል? ታይቷል። ያየው ግን መዝገቡን የያዘው ብቻ ነው።

«ታዲያ ዲጂታል ይደረግ» የሚል ይኖራል። ይደረግ። ግን ሐምሌ 1 ቀን 2014 የሆነውን አንርሳ። በአዲስ አበባ ለ25,491 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ በኮምፒውተር ወጣ። ስንት ዓመት የቆጠበ ሕዝብ በቴሌቪዥን ተከታተለ። በቀናት ውስጥ ዕጣው ተሰረዘ፤ ለዕጣው ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ሲስተሙ ውስጥ መግባታቸው ተነገረ። ኮምፒውተር ሌባን አይከለክልም። ካቢኔቱ በፓስወርድ ተቆለፈ እንጂ አልተከፈተም። መዝገብን የሚጠብቀው የሚያየው ዓይን ብዛት ነው።

ሦስት መከራከሪያዎች

አንደኛ፣ «መሬት የግል ይሁን፣ ይሸጥ ይለወጥ፣ ያኔ ሁሉም ይስተካከላል» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። በዚህ ላይ ሰፊ ክርክር ማድረግ ይቻላል፣ እኔም የራሴ ሐሳብ አለኝ። ግን በየትኛውም ወገን ሁኑ፣ ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። መዝገቡ ቆሻሻ ሆኖ መሬት የግል ቢሆን፣ ያ በሌለ ስም ካሳ የበላ ሰው ሕጋዊ ባለቤት ይሆናል ማለት ነው። ስርቆቱ ይጸድቃል። ኬንያን ተመልከቱ። እዚያ የግል የባለቤትነት ወረቀት አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 በጠበቃ ፖል ንዱንጉ የተመራው ኮሚሽን ሪፖርት ግን 200,000 ገደማ የሚሆኑ የባለቤትነት ወረቀቶች ከሕግ ውጭ ተሰጥተዋል አለ። የሕዝብ መሬት፣ ደን፣ የመንገድ ዳር፣ ሳይቀር ለባለሥልጣንና ለዘመድ ተከፋፍሏል። ወረቀቱ የግል መሆኑ አላዳነም፣ ሲሰጥ ማንም አላየማ።

በተቃራኒው ሩዋንዳ አለች። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 ባለው ጊዜ አገሩን በሙሉ ማሳ በማሳ ዞራ ከ10 ሚሊዮን በላይ ይዞታዎችን መዘገበች። ወሰን የተሰመረው የአካባቢው ሰው ባለበት ነው። ከዚያ በኋላም ውርስና ሽያጭ ሳይመዘገብ እየቀረ እንደሚያስቸግራቸው አይተዋል። ስለዚህ ትምህርቱ ሁለት ነው። ምዝገባ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሳይሆን በጥቂት ዓመታት ሊያልቅ የሚችል ሥራ ነው። አንዴ መዝግቦ መተው ግን ዋጋ የለውም።

ሁለተኛ፣ «አሁን ጊዜው አይደለም፣ መጀመሪያ የህልውና ጥያቄ ይመለስ» የሚል አለ። ይህ ከልብ የሚባል ነገር ስለሆነ በቁም ነገር ልመልስ። የህልውና ጥያቄ ያለ መሬት ምንድነው? ድንበር የሚጠበቀው ለማን ነው? ድንበሩን ጠብቀን ውስጡን ለደላላና ለካድሬ ካስረከብን፣ ነገ የሚቀረን ባንዲራና ኪራይ ቤት ነው። ደግሞ በሰላም እጦት ጊዜ መዝገብ ይበልጥ አደጋ ላይ ነው። ቢሮ ይዘጋል፣ ወረቀት ይጠፋል፣ ሰው ይሰደዳል። ሰው ሲመለስ «መዝገብ የለም» ይባላል። ያኔ ፎቶ አንስቶ ያስቀመጠ ይተርፋል።

ሦስተኛ፣ «የሰው መረጃ ለምን አደባባይ ይወጣል» የሚል አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስልክና መታወቂያ ይለጠፍ አላልኩም። የማሳው ቁጥር፣ ስፋቱ፣ ወሰኑና የባለይዞታዎቹ ስም ግን ጎረቤት ቀድሞም የሚያውቀው ነገር ነው። ከጎረቤት የሚደበቅ መሬት የለም። የሚደበቀው ስርቆት ነው።

ምን እንጠይቅ?

ጩኸታችን ጥርት ያለ ጥያቄ ይኑረው። የኔ ሐሳብ አራት ነው።

1. ያ «ለሕዝብ እይታ» የሚባለው ቀን ቋሚ ይሁን። በየዓመቱ፣ ለምሳሌ መኸር ከገባ በኋላ፣ የየቀበሌው የማሳ ካርታና ዝርዝር ይለጠፍ። በዓመቱ ውስጥ የተዛወረው ሁሉ ምልክት ይደረግበት።

2. የካሳ ዝርዝር ከክፍያ በፊት ይለጠፍ። ስም፣ ካሬ ሜትር፣ ስሌት፣ የብር መጠን። ዛሬ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ምትክ መሬት ላላገኘ ገበሬ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ይከፈል ይላል። ከዚህም በላይ ቦታው ላይ ያለው ባለይዞታ በፕላኑ መሠረት ራሱ የማልማት ቅድሚያ መብት አለው ይላል። ስንት ገበሬ ይህን መብቱን ያውቃል? ስንቱ ተነግሮታል?

3. በከተማ ቦታ በምደባ የሚሰጥበት ውሳኔ ሁሉ በተወሰነ በሳምንቱ ይለጠፍ። ለማን፣ ስንት ካሬ፣ ለምን ሥራ፣ ሥራው መቼ ይጀመራል። ታጥሮ ዓመታት የሚቀመጥ ቦታ የማን እንደሆነ የማወቅ መብት አለን።

4. የወል መሬት ለብቻው ይመዝገብ፣ ለብቻውም ይለጠፍ። ለተደራጁ ወጣቶች ይሰጣል የሚባለው እሱ ነው። ስንት እንዳለ ሳናውቅ «ተደራጁ» ስንባል ስንት ዓመታችን? ለማኅበራችን «ቦታ የለም» የተባለው ተራራ በማግስቱ ለባለሀብት ሲሰጥ መቃወም የምንችለው ቁጥሩ እጃችን ላይ ሲኖር ነው።

ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ወረቀት፣ ማስመርያ፣ ግድግዳ። ሥራው ሰው ይፈልጋል ከተባለም፣ የመሬት አስተዳደር ተመርቀን ቤት የተቀመጥን ልጆች በየወረዳው አለን።

አንተስ፣ አንቺስ?

ጥያቄ ብቻ አቅርበን አንቀመጥ። የሚቀጥለው በዓል ላይ ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ እነዚህን አድርጉ።

የወላጆቻችሁን የይዞታ ደብተርና ካርታ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ሁሉንም ገጽ። ለእህት ወንድም ላኩት፣ አንድ ስልክ ላይ ብቻ አይቅር።

ስፋቱን አንብቡ። ስልክ ላይ ባለው ጂፒኤስ ማሳውን ዙሩትና አወዳድሩ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ የስልኩ ስህተት ነው። ሩብ ሄክታር ከሆነ ግን ጥያቄ አለ ማለት ነው።

የእናታችሁ ስም መኖሩን እዩ። አባት ሞተው ከሆነ በእናታችሁ ስም መዛወሩን አረጋግጡ። አጎት «እኔ አስተካክላለሁ» ካለ አመስግኑትና ራሳችሁ ሂዱ።

ከዚያ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ደብተሩንና መዝገቡን አስተያዩ። «አይታይም» ካሏችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላል፣ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የማመልከቻውን ኮፒ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። በጨዋነት። መሳደብ አያስፈልግም፣ ጥሩ ባለሙያዎችም አሉ፣ ከላይ ታዝዘው የሚቸገሩ። በግልጽ የሚጠይቅ ሕዝብ ሲኖር እነሱም ይበረታሉ።

ደግሞ አንቸኩል። በዚህ ገጽ ላይ የባለሙያ ስምና ፎቶ ለጥፈን «ሌባ» ብንል አንድ ሰው ይቀየር ይሆናል፣ በሱ ቦታ ሌላ ይቀመጣል። ካቢኔቱ ተቆልፎ እስካለ ድረስ አዲሱም ያው ነው። እኛ የምንፈልገው ሰውየው እንዲቀየር ብቻ አይደለም፣ ካቢኔቱ እንዲከፈት ነው።

በመጨረሻ ይህን ልበል። አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ ብድር እንዲወስድ ይፈቅዳል። ጥሩ ነው። ግን አስቡት፣ መዝገቡ ላይ የአባታችሁ መሬት በሌላ ሰው ስም ከሆነ ብድሩን የሚወስደው ማነው? ዕዳውስ ሲመጣ መሬቱን የሚያጣው ማነው? ከዚህ በኋላ የመዝገብ ስህተት የወረቀት ስህተት ብቻ አይሆንም፣ ባንክ ድረስ ይደርሳል። የቀረን ጊዜ ብዙ አይደለም።

አባቴ አሁንም ያንን ደብተር በፌስታል ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። መሬቱ ላይ ዛሬ ፎቅ አለ። «አባዬ፣ ምን ያደርግልሃል፣ ጣለው» ብዬው ነበር አንድ ቀን። «3 ይላል እኮ» አለኝ። «አንድ ቀን የሚያነብ ይመጣል።»

አንባቢዎቹ እኛ ነን። ፊደል ያስቆጠሩን ያንን ደብተር በሸጡት እህል ነው። እናንብብላቸው።

ያነበበ ሼር ያድርግ። ኮሜንት ላይ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ጻፉልኝ፤ የናንተ ቀበሌ መዝገብ ለሕዝብ የተለጠፈው መጨረሻ መቼ ነው?